ባምባራ ሳትችሉ ኡሙ ሳንጋሬን እንዴት ትሰሟታላችሁ

ብዙዎቻችን የማሊዋን ዘፋኝ የኡሙ ሳንጋሬን ድምፅ የሰማነው ስሟን ሳናውቅ ነው። በ2019 ቢዮንሴ ከላየን ኪንግ ጋር አያይዛ ባወጣችው አልበም ውስጥ «ሙድ ፎር ኤቫ» የሚል ዘፈን አለ አይደል፣ እዛ ውስጥ የምትሰሙት የማሊ ዘፈን የሷ ነው፣ ያኔ ወደ ሰላሳ ዓመት ከሆነው ዘፈኗ የተወሰደ። እኔም ኦሪጅናሉን ልፈልግ ብዬ ነው የገባሁበት። አገኘሁት፣ ወደድኩት፣ ከዛ ሌሎቹንም አወረድኩና ቤት ሳፀዳ ወጥ ስሰራ እየከፈትኩ ለወራት እንደዛ ብቻ ሰማኋት፣ ደስ የሚል ምት ደስ የሚል ድምፅ በቃ። አንድ ቀን ስራ ቦታ በስልኬ ከፍቼ ስወዛወዝ የማሊ ዋና ከተማ ባማኮ ተወልዳ ያደገች ባልደረባዬ እጇን አደራርቃ መጣችና «የምትለውን ታውቂያለሽ?» አለችኝ። አላውቅም። ቁጭ አድርጋ መስመር በመስመር ነገረችኝ፣ ዘፈኑ «ዎሮታን» ነበር፣ አንዲት ልጅ ኮላ በሚባል አስር መራራ ፍሬ ለባል ተሰጥታ ባሪያ ስለመሆኗ የሚናገር። ያን ቀን ማታ አልበሙን እንደ አዲስ ከመጀመሪያው ሰማሁት።

ስለዚህ ይሄን የምፅፈው ሙዚቃዋን ለምትወዱ ግን ቃሉ ለማይገባችሁ ነው፣ የምትዘፍንበትን ቋንቋ ባምባራን ሳትማሩ መልእክቷ ጋ የምትደርሱበት መንገድ አለ፣ እኔ በሄድኩበት ልክ ላሳያችሁ። ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምፅፈው።

ከምንም በፊት ከየት እንደመጣች እወቁ። ይሄን ዝለሉት ካላችሁ የቀረው ሁሉ ግማሽ ነው የሚሆነው፣ ምክንያቱም የምትዘፍነው በልጅነቷ ቤቷ ውስጥ ያየችውን ነው። በ1968 ባማኮ ነው የተወለደችው፣ ቤተሰቦቿ ግን ከዋሱሉ ናቸው፣ ዋሱሉ ማለት ከባማኮ ወደ ደቡብ ሄዳችሁ ወደ ጊኒና ወደ ኮትዲቯር የሚዘልቅ አገር ነው፣ ጫካ ያለው፣ አዳኞች የሚታወቁበት። አባቷ በእናቷ ላይ ሁለተኛ ሚስት አገባና ኡሙ ገና ሁለት ዓመቷ ሳለ ቤተሰቡን ጥሎ ወደ አቢጃን ሄደ። እናትየዋ ልጆቿን ይዛ ቀረች፣ ነግዳ ነው ያሳደገቻቸው፣ ኡሙም ትንሽ ልጅ ሆና ባማኮ መንገድ ላይ ውሃ እየሸጠች እናቷን ታግዝ ነበር። እናቷ ዘፋኝ ናት፣ አያቷም ዘፋኝ ነበረች። አምስት ዓመቷ ላይ በህፃናት ውድድር ባማኮ ስታዲየም ውስጥ በሺዎች ፊት ዘፈነች፣ ከዛ በኋላ ደግሞ በየሰፈሩ ሰርግና ክርስትና በሉት የልጅ ስም ማውጫ ድግስ ላይ፣ እነሱ «ሱሙ» ይሉታል፣ እየተጠራች ስትዘፍን አደገች። ጣውንት የምትለው ቃል በኛም ቋንቋ ምን ያህል እንደምትመር የሚያውቅ ሰው ይሄ ህይወት ከዘፈኖቿ ስር እንዳለ ወዲያው ይገባዋል።

በ1986 ጆሊባ ፔርኩሲዮን ከሚባል ቡድን ጋር አውሮፓንና ካሪቢያንን ዞረች፣ ልጅ ነበረች፣ አስራ ስምንት ዓመት። ተመልሳ የራሴን ነገር ልስራ አለች፣ አማዱ ባ ጊንዶ ከሚባል አቀናባሪ ጋር ሆና የዋሱሉን የገጠር ድምፅ ሳይበላሽ አዲስ አደረጉት፣ ከዛ በ1989 አቢጃን ሄዳ ቀዳች። ሃያ አንድ ዓመቷ ነው። ስድስት ዘፈን ብቻ ያለው ካሴት። ስሙ «ሙሶሉ»፣ ሴቶች ማለት ነው። ከ200,000 ኮፒ በላይ ተሸጠ፣ በየገበያው እየተገለበጠ የተሸጠውን ደግሞ ማን ይቆጥረዋል። ከዛ ታዋቂው የማሊ ጊታሪስት አሊ ፋርካ ቱሬ ሰማትና ለንደን ላለው ወርልድ ሰርኪት ለሚባለው ካምፓኒ እሷን ስሙ አላቸው፣ እነሱ በ1991 ለዓለም አወጡት።

መጀመር ያለባችሁም ከዚሁ ነው። አዲሱን ትታችሁ «ሙሶሉ»ን ክፈቱ፣ ስድስት ዘፈን ስለሆነ አንድ ቁጭታ ይበቃዋል፣ ስልኩን አስቀምጡና ምንም ሳትሰሩ ስሙት። የመጀመሪያውን ዙር ቃሉን እርሱትና መሳሪያዎቹን ለዩ። ከስር ሳያቋርጥ የሚመላለሰው፣ ክራር ነው እንዴ የሚያስብላችሁ፣ ካሜሌንጎኒ ይባላል፣ የወጣት በገና እንደ ማለት ነው፣ ቅል ላይ ቆዳ ወጥሮ የተሰራ ባለ ስድስት አውታር። ይሄ ነገር ታሪክ አለው፣ ከሱ በፊት ዶንሶ ንጎኒ የሚባል የአዳኞች መሳሪያ ነበር፣ ለአዳኞች ስርአት ብቻ የሚመታ፣ የዋሱሉ ወጣቶች በ1950ዎቹና 60ዎቹ አካባቢ እሱን አሳንሰውና ቅኝቱን ከፍ አድርገው ለራሳቸው ጭፈራ አደረጉት። ሽማግሌዎቹ አልወደዱም ይባላል። ሙዚቃው ከመነሻው ወጣቶች ከትልልቆቹ እጅ የወሰዱት ስለሆነ አንዲት የሃያ አንድ ዓመት ልጅ በሱ ላይ ሆና ለአባቶች «ልጃችሁን አትሽጧት» ብትል መሳሪያውም የለመደው ስራ ነው ማለት ነው።

ጭር ጭር የሚለው ካሪኛን ነው፣ የብረት ቱቦ በብረት ሲፋቅ። ቫዮሊን ደግሞ ትሰማላችሁ፣ እሱ በሶኩ ቦታ የገባ ነው፣ ሶኩ የነሱ ማሲንቆ ነው፣ አንድ አውታር፣ ስሙም የፈረስ ጭራ ማለት ነው፣ የኛም ማሲንቆ ጭራው ከፈረስ ነውና ይሄን ስሰማ በጣም ነው ደስ ያለኝ። እና ሌላው የኛ ጆሮ ቶሎ የሚቀበላት ምክንያት ቅኝቱ ነው፣ የዋሱሉ ሙዚቃ እንደኛ ባለ አምስት ድምፅ ነው፣ ሌላው የማንዴ ሙዚቃ፣ ኮራ የሚባለው ባለ ብዙ አውታር መሳሪያ የሚመታበት የትልልቆቹ ዘፋኞች ማለት ነው፣ ባለ ሰባት ነው። ትዝታና ባቲ ስትሰሙ ያደጋችሁ ሰዎች «ይሄን የሆነ ቦታ አውቀዋለሁ» የሚል ስሜት ከመጣባችሁ ከዚህ ነው።

አሁን ደግሞ አንድ የማህበረሰብ ነገር አለ፣ ይሄን ካላወቃችሁ ለምን እንደዛ በድፍረት እንደምትናገር አይገባችሁም። ማሊ ውስጥ ጄሊ የሚባሉ አሉ፣ ፈረንጆቹ ግሪዮ የሚሏቸው፣ ዘፋኝነት በዘር የሚወርድላቸው፣ ስራቸው የትልቅ ሰው ዘር መቁጠር ማወደስ ማስታረቅ ነው፣ የተወደሰው ሰው ይሸልማቸዋል። ኡሙ ጄሊ አይደለችም። የዋሱሉ ዘፋኞች «ኮኖ» ይባላሉ፣ ወፍ ማለት ነው። ወፍ የፈለገችበት ቅርንጫፍ ላይ ታርፋለች፣ ማንንም የማወደስ ግዴታ የለባትም፣ ያየችውን ትዘምራለች። ብዙ ሰው ሁሉንም የማሊ ዘፋኝ ግሪዮ እያለ ይፅፋል፣ እሷን እንደዛ ካላችሁ ግን የነፃነቷን ምንጭ ነው የምትሰርዙት።

ወደ ቃላቱ እንሂድ። መጀመሪያ አፃፃፉን፣ ምክንያቱም ስፖቲፋይም ዩቲዩብም ላይ የምታዩት ላቲን በድሮው የፈረንሳይ አፃፃፍ ነው። «ዲያ» ተብሎ የተፃፈው ብዙ ጊዜ «ጃ» ነው የሚነበበው፣ ስለዚህ «ዲያራቢ ኔኔ» የመሰላችሁ «ጃራቢ ኔኔ» ነው። ኦ እና ዩ አብረው ከመጡ «ኡ» ናቸው። ጂ እና ኤን ተከታትለው ከመጡ «ኝ» ናቸው፣ እንግሊዝኛ ለሚያነብ ሰው ያስቸግራል ለኛ ግን ኘ አለችን ተመስገን። እነዚህን ሶስት ብቻ ከያዛችሁ የዘፈኑን ርእስ ዘፈኑ ውስጥ መስማት ትጀምራላችሁ፣ ያ ደግሞ ትልቅ ነገር ነው፣ አዝማቹ ላይ ርእሱ ሲደጋገም መንገዱን አገኛችሁ ማለት ነው።

ከዛ በጣም ጥቂት ቃል በቃላችሁ ያዙ። ሙሶ ሴት። ፉሩ ጋብቻ። ቢ ዛሬ። ሞጎ ሰው። ዴን ልጅ። ዱጉ ከተማ ወይም መንደር። ሳ ሞት። ኬሌ ጦርነት ወይ ፀብ። ዎሮ ኮላ፣ ታን አስር። እነዚህን ብቻ ይዛችሁ ርእሶቹን ፍቱ፣ «ቢ ፉሩ» የዛሬ ጋብቻ፣ «ዎሮታን» አስር ኮላ፣ «ሞጎያ» ሰው መሆን። «ዱጉ ካሜሌንባ» ደግሞ ካሜሌን ወጣት ወንድ ነው፣ ባ ሲጨመርበት ትልቅ፣ ሲገጣጠም የሰፈሩ ሴት አውል ማለት ነው፣ ባልደረባዬ ይሄን ዘፈን ስትሰማ ሁሌ በሰፈሯ የምታውቀውን አንድ ሰውዬ ታስታውሳለች። «ሙሶሉ» ራሷ ቀበሌኛ ናት፣ ባማኮ ላይ ብዙ ቁጥሩ «ሙሶው» ነው የሚባለው፣ «ሉ» የዋሱሉ አነጋገር ነው፣ ዋና ከተማ ተወልዳ የመጀመሪያ ስራዋን በአያቶቿ አገር አነጋገር ሰየመችው። የኛ ሰውም በአነጋገር ብቻ ጎጃም ነው ወሎ ነው እንደሚለው የማሊ ሰውም ገና ከርእሱ ከየት እንደሆነች ይሰማል።

አሁን ወደ መልእክቱ። ብዙ ሰው ማህበራዊ መልእክት ያለው ዘፈን ሲባል ክስ የሚመስል ነገር ይጠብቃል። የሷ እንደዛ አይደለም፣ «ጃራቢ ኔኔ»ን ውሰዱ፣ ስለ ጋብቻ ህግ ስለ ጣውንት ምንም የለበትም፣ ጃራቢ የሚወደድ ሰው ፍቅረኛ ማለት ነው፣ ኔኔ ብርድ፣ የፍቅር ብርድ ብርድ ማለት በሉት፣ አንዲት ወጣት ሴት ሰውነቷ ስለሚሰማው ነገር በአደባባይ ተናገረች፣ ያን ጊዜ ማሊ ውስጥ ይሄ ነውር ነበር። ለኔ ከሁሉም በላይ ደፋሩ ዘፈኗ እሱ ነው። ምክንያቱም ሴት ልጅ የምትወደውንና የማትወደውን መናገር ከቻለች ለማትወደው ሰው መሰጠቷ ግፍ መሆኑ ያለ ክርክር ይታያል፣ ሌሎቹ ዘፈኖች ሁሉ ከዛ ነው የሚቀጥሉት።

ከዛ «ኮ ሲራ»ን ስሙ፣ 1993፣ ከዛ «ዎሮታን»ን፣ 1996። ኮላ እዛ አገር መራራ ፍሬ ነው፣ እንግዳ ሲመጣ ይቀርባል፣ ሽማግሌ ሲላክ ይያዛል፣ ጋብቻ ሲጠየቅ የመጀመሪያው ነገር እሱ ነው። ክፋት የለውም፣ አክብሮት ነው። እሷ የያዘችው እሱን ነው፣ የአክብሮት ምልክት የነበረው ነገር ዋጋ ሲሆን፣ ልጅቷ «ተከፍሎባታል» ስትባል ምን እንደሚከተል። ይሄን በኛ ጥሎሽ አስቡትና እንደገና ስሙት። ዎሮታን ላይ ደግሞ የትንፋሽ መሳሪያዎቹን ያቀናበረው ፒ ዊ ኤሊስ ነው፣ የጄምስ ብራውን ሳክስፎኒስት የነበረው፣ ስለዚህ ሳክስፎንና ትራምፔት ከካሜሌንጎኒ ጋር ሲገጥሙ ትሰማላችሁ፣ በጣም ያምራል።

በ2009 የወጣውን «ሴያ»ን ስትከፍቱ «ዌሌ ዌሌ ዊንቱ»ን ፈልጉ፣ ያለ እድሜ ጋብቻን የሚቃወም ነው፣ ምቱ ግን ቁጭ አያስብልም። እዚህ ጋ ቆም በሉና ያን ዓመት ማሊ ውስጥ የሆነውን አስታውሱ። ነሀሴ ላይ ፓርላማው አዲስ የቤተሰብ ህግ አፅድቆ ነበር፣ የሴቶችን መብት የሚያሰፋ፣ የሃይማኖት ማህበራት ተቃወሙ፣ ባማኮ ስታዲየም በአስር ሺዎች በሚቆጠር ሰው ሞላ፣ ፕሬዝዳንቱ ህጉን ሳይፈርሙ መለሱት። በ2011 ተስተካክሎ ሲወጣ ሴት ልጅ በ16 ዓመቷ መዳር ትችላለች የሚል ሆኖ ነው የወጣው፣ ከአንድ በላይ ሚስት ማግባትም በህግ እንደተፈቀደ ቀጠለ። ስለዚህ ሰላሳ ዓመት ሙሉ አንድ ነገር ነው የምትለው ለሚሉ ሰዎች መልሱ ይሄ ነው፣ ነገሩ ስላላለቀ ነው።

አንድ በጣም የገረመኝን ልንገራችሁና ወደ ቀጣዩ እሄዳለሁ። እነዚህ ዘፈኖች የት ነው የሚከፈቱት ብዬ ባልደረባዬን ጠየቅኳት፣ «ሰርግ ላይ» አለችኝ። ጋብቻን የሚተቹ ዘፈኖች ሰርግ ላይ! በቤተሰቧ ሰርግ አክስቶቿ ሁሉ በቃላቸው ያውቋቸዋል፣ እየጨፈሩ ይቀበላሉ፣ ሙሽራው እዛው ተቀምጦ ይሰማል። ለዚህ ነው ከኋላ ያሉትን ተቀባይ ሴቶች በደንብ ስሟቸው የምለው። ኡሙ አንድ ነገር ትላለች፣ እነሱ ይመልሱላታል፣ ሁለተኛ ትላለች፣ ይመልሳሉ። ሙሽራው ጆሮ ውስጥ የሚገባው የሷ ብቻ ሳይሆን የአክስቶቹ ሁሉ ድምፅ ነው። አንድ ዙር ሙሉ ለተቀባዮቹ ብቻ ስጡ፣ ከዛ በኋላ በሌላ ጆሮ ነው የምትሰሙት።

ወደ ኋለኞቹ አልበሞች ስትመጡ ድምፁ ይቀየራል፣ አትደናገጡ። በ2017 የወጣው «ሞጎያ» ፓሪስ ውስጥ ባሉ ወጣት ፕሮዲውሰሮች የተሰራ ነው፣ ኪቦርድና ኤሌክትሪክ ጊታር አለው። እዛ ላይ «ዬሬ ፋጋ» አለ፣ ዬሬ ራስ፣ ፋጋ መግደል፣ ራስን ስለማጥፋት ነው፣ አታድርጉት ነው የምትለው፣ ከበሮውን የሚመታው የናይጄሪያው ዘፋኝ የፌላ ኩቲ ከበሮ መቺ የነበረው ቶኒ አለን ነው። እንደዚህ አይነቱን ጉዳይ በዛ ምት ላይ ማስቀመጥ የሷ ችሎታ ነው፣ ሰው ብቻውን ሆኖ ከሚያዝንበት ክፍል አውጥታ ሰው መሃል ትጨምረዋለች።

«ቲምቡክቱ» 2022 ነው። ኮሮና ሲመጣ አሜሪካ ነበረች፣ በረራ ሲዘጋ እዛው ቀረች፣ መጀመሪያ ኒውዮርክ ከዛ ባልቲሞር፣ ካሜሌንጎኒ ከሚመታው ከማማዱ ሲዲቤ ጋር ሆነው ዘፈኖቹን እዛ ፃፉ። ሰው አገር ላይ ተቀምጦ በረራ ተዘግቶበት አገሩን እያሰበ የከረመ ሁሉ፣ ዲሲም ይሁን ቤሩት፣ ይሄን አልበም ይረዳዋል። ርእሱ ቲምቡክቱ የሆነው በምክንያት ነው፣ በ2012 ሰሜን ማሊ በታጣቂዎች ተይዞ እነ ቲምቡክቱ ውስጥ ሙዚቃ ራሱ ተከልክሎ ነበር።

እና እዚህ ጋ አንድ ሙከራ አድርጉ። ከ«ኮ ሲራ» ላይ «ሳ ማኚ»ን ክፈቱ፣ ወዲያው ቀጥላችሁ ከ«ቲምቡክቱ» ላይ «ኬሌ ማኚ»ን። ማኚ ማለት ጥሩ አይደለም ማለት ነው። የመጀመሪያው ሞት ጥሩ አይደለም፣ አማዱ ባ ጊንዶ፣ ያ «ሙሶሉ»ን ያቀናበረላት ሰው፣ ሲሞት ያለቀሰችለት ነው። ሁለተኛው ጦርነት ጥሩ አይደለም። በሁለቱ መሃል ሃያ ዘጠኝ ዓመት አለ። በመጀመሪያው ለአንድ ሰው ታለቅሳለች፣ በሁለተኛው ለአገር፣ አነጋገሩ ግን ያው ነው፣ ህፃን ልጅ የሚገባው ቀላል ቃል። እኔ ሁለቱን አከታትዬ ስሰማ አስተርጓሚ አላስፈለገኝም።

ከመድረክ ውጪ ያለውንም አትለፉት፣ ምክንያቱም ማሊ ውስጥ ያሉ ሴቶች ስለሷ ሲያወሩ ዘፈኗን ብቻ አይደለም የሚያነሱት። ባማኮ ውስጥ ሆቴል ዋሱሉ የሚባል ሆቴል አላት፣ ከቻይና መኪና አስመጥታ በራሷ ስም «ኡም ሳንግ» ብላ ሸጣለች፣ እርሻ አላት። በ2001 የዩኔስኮን የሙዚቃ ሽልማት አገኘች፣ በ2003 የፋኦ፣ የተባበሩት መንግስታት የምግብና እርሻ ድርጅት፣ የበጎ ፈቃድ አምባሳደር ሆነች፣ በ2011 አሜሪካዊው የጃዝ ፒያኒስት ሄርቢ ሃንኮክ ሌሎችንም ይዞ በሰራው «ኢማጂን» ግራሚ ተካፈለች። ሽልማቱ ጥሩ ነው፣ ግን የሆቴሉ ነገር ይበልጥብኛል። ውሃ ትሸጥ የነበረች ልጅ የከተማው ሆቴል ባለቤት ስትሆን ባሏ ጥሏት ለቀረች ሴት ዘፈን ከሚነግራት በላይ ይነግራታል። ባማኮ የተወለደችው ወጣቷ ዘፋኝ አያ ናካሙራም ፓሪስ ላይ ስትነሳ አንድ ዘፈኗን ስሙን «ኡሙ ሳንጋሬ» አለችው፣ ልጆቹም ያውቃሉ ማለት ነው።

ለፍለጋ የሚጠቅሙ ጥቂት ነገሮች። የወርልድ ሰርኪት ሲዲዎች ውስጥ ያለው ቡክሌት የግጥሙን ትርጉም ይዟል፣ የድሮ ሲዲ ርካሽ ስታገኙ ግዙት፣ ለቡክሌቱ ብላችሁ ግዙት። በራሱ የሚተረጉመውን የዩቲዩብ ሰብታይትል ለባምባራ አትመኑት፣ እኔ ሞክሬው ከባልደረባዬ ትርጉም ጋር አንድም መስመር አልገጠመልኝም። የቀጥታ ኮንሰርት ቪዲዮ ስታገኙ ፊት ለፊት ያሉትን ሴቶች እዩ፣ የትኛው መስመር ላይ እጃቸውን እንደሚያነሱ፣ መልእክቱ ያለው እዛ ጋ ነው። እና ማሊያዊ ጎረቤት ወይ የስራ ባልደረባ ካላችሁ፣ ፓሪስ ላላችሁማ ቀላል ነው፣ በአክብሮት ጠይቁ፣ ይሄ ዘፈን ምን ይላል ብላችሁ። እኔ ያየኋቸው ሁሉ ደስ ብሏቸው ነው የሚነግሩኝ።

ለመጨረሻ ያስቀመጥኩት «ሚናታ ዋራባ» ነው፣ «ሞጎያ» ላይ አለ። ሚናታ አሚናታ ናት፣ እናቷ፣ ዋራባ አንበሳ። ያቺ ጣውንት መጥቶባት ልጆቿን ይዛ የቀረችው ሴት። ሌሎቹን ሁሉ ሰምታችሁ ስትጨርሱ ነው መስማት ያለባችሁ፣ ቀድማችሁ ከሰማችሁት አንድ የእናት ዘፈን ነው የሚመስላችሁ። ከዛ ደግሞ ወደ ኋላ ሂዱ፣ ወደ ኩምባ ሲዲቤ፣ ወደ ሳሊ ሲዲቤ፣ ወደ ናሃዋ ዱምቢያ፣ ለኡሙ መንገዱን የከፈቱላት የዋሱሉ ወፎች እነሱ ናቸው፣ አሁን ካሜሌንጎኒውንም ካሪኛኑንም ስለምታውቁት አዲስ አይሆኑባችሁም።